ኬብሉ ሳይሰካ የጠራው ምስል

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ የወንድሜ ሚስት እንደሆነች አውቃለሁ። አንተ ራስህ ልታነበው እንደማትችል ካወቅሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ ቀና ብዬ ሰው ማየት ያቃተኝም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ለእሷ ልንገራት። እህቴ፣ እኔን የሚያሳፍር ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፣ አትዝለዪውም። አዝነሽልኝ ብታለሳልሽው አባዬ ያውቅብሻል። ድምፅ በመለየት አሁን ማንም አያክለውም።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ደውዬ "ደህና ነህ?" ስልህ "ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" ትለኛለህ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ እንዘጋለን። ለቀልድ ሲሆን የማያርፈው ምላሴ ለይቅርታ ሲሆን እንጨት ይሆንብኛል።

ነገሩ የተነሣው ከቴሌቪዥኑ ነው። ዝናቡ ሊገባ ሰሞን "ይሄ ነገር ምስሉ ደብዝዟል" ማለት ጀመርክ። መጀመሪያ ስክሪኑን በጨርቅ ወለወልኩልህ። ቀጥሎ ዲሹን ንፋስ ነቅንቆት ይሆናል ብዬ ሰው ጠራሁ። ሰውዬው ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ቴሌቪዥኑን አይቶ "ምስሉ ምንም አልሆነም" ሲለኝ ሥራውን የማያውቅ መሰለኝ። አንተ ወንበርህን ወደ ቴሌቪዥኑ ታስጠጋለህ፣ እኔ ደግሞ "ዓይንህን ያበላሽብሃል" እያልኩ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። አስበው እስቲ፣ ዓይንህ እንዳይበላሽ።

ሌላም ምልክት ነበር። ሻይ ስትቀዳ ጣትህን ስኒው ጠርዝ ላይ ታደርግ ነበር። ጋዜጣ "ወሬው ሁሉ አንድ ነው" ብለህ ተውክ። ሰው በር ላይ ሲመጣ እስኪናገር ትጠብቅና ከዚያ በስሙ ትጠራዋለህ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አይቼም እርጅና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። የጥርስ ክሊኒክ ተቀባይ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው "ለምን ሳይብስብዎት አልመጡም?" እያልኩ የምቆጣ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚሉት ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞ የማን ዓይን ነው ያላየሁት። በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትረከብ ትውል ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ የመስመር ዳኛ ሆነህ ባንዲራህን ይዘህ ትሮጥ ነበር። ጡረታ ከወጣህ በኋላም እቤት ተቀምጠህ፣ ገና ኳሷ ከእግር ሳትለቅ "ከጨዋታ ውጪ" ትል ነበር። እኔና ወንድሜ ድጋሚው እስኪታይ እንከራከርሃለን። አንድ ቀን እንኳ አሸንፈንህ አናውቅም። ዓይንህ ክብርህ ነበር፤ እሱ ሲከዳህ ለማን ትናገረዋለህ? ያሳደግከው እኔን የመሰለ ቀልደኛ ልጅ ነው።

እኔ ግን ጥፋቱን የዲሹ ድርጅት ላይ ጣልኩት። የድሮው ዲሽ አርጅቷል፣ ኤችዲ ቻናል የለውም፣ መቀየር አለበት አልኩ። ስንት ሳምንት ስለ እሱ እንዳወራሁ ታስታውሳለህ። ክሊኒኩ ውስጥ ጉንጫቸው አብጦ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን ሳይቀር "ቤታችሁ የየትኛው ድርጅት ዲሽ ነው ያለው?" ብዬ እጠይቅ ነበር። አንዱ እጁን ጉንጩ ላይ እንዳደረገ፣ የአዲሱ ድርጅት ምስል የተጫዋቹን ላብ ሳይቀር ያሳያል ብሎ በምልክት ጭምር አስረዳኝ። እቤት መጥቼ ስነግርህ አንተ ጭንቅላትህን ነቀነቅህ።

"የድሮው ይበቃናል" አልከኝ። "የሚያስተላልፈው ሰውዬ ጨዋታውን በደንብ ይናገራል።"

"አባዬ፣ የምናየው ኳስ ነው፣ ሬዲዮ አይደለም" አልኩህ።

ይህን ቃል መቼም አልረሳውም። አንተ ከዚያ በኋላ አልተከራከርክም። "እንግዲህ አንቺ ካልሽ" ብለህ ተውከው፤ እኔም ተስማማ ብዬ ደስ አለኝ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ይሄንንም ልጨምር፤ ለአንተ ብዬ ነው ያልኩት ግማሹ ለእኔ ነበር። የአዲሱ ድርጅት የፊልም ቻናሎች አምረውኝ ነበር። የፊት ለፊቷ ጎረቤታችንም ያንን ዲሽ ጣሪያዋ ላይ ከሰቀለች ወዲህ የእኛ ጣሪያ ራቁቱን የቀረ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ፣ እንዳትዘልዪው ያልኩሽ እዚህ ጋ ነው።

ሠራተኛው የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዲሹን ሰቅሎ ወረደ፣ ሪሲቨሩን አስቀመጠ፣ ድምፁን በአንተ አሮጌ ስፒከር እንዲወጣ አደረገው። የምስሉን ኬብል ገና ከካርቶኑ እያወጣ ነበር። ቤቱ በሜዳ ጩኸት ተሞላ። ስክሪኑ ላይ ግን ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነበር፣ አንድም ነገር አይታይበትም። አንተ ወንበርህ ላይ ቀና አልክ፣ ሁለት እጅህን ጉልበትህ ላይ አደረግህ።

"አሁን ገና ጥራት መጣ" አልክ። "ሣሩ እንኳ አንድ በአንድ ይለያል።"

እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሠራተኛው አልሳቀም፣ አጎንብሶ የኬብሉን ጥቅል መፍታት ቀጠለ። ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

"አባዬ፣ ኬብሉ እኮ ገና አልተሰካም። የምን ሣር ነው የሚታይህ?"

ከዚያ "ላስቅሽ ብዬ ነው፣ ይኸው ሳቅሽ" አልክ። አንተ ቀልድ ታውቃለህ፣ እኔም አመንኩህ። ማመን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እዚያው አጠገብህ ቆሜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። "ደጋፊው ያን ሁሉ ዓመት አባዬን ዕውር ሲለው ለካ ዝም ብሎ አልነበረም" አልኩት። አንተም ከወንበርህ ሆነህ አብረኸን ሳቅህ። ሳቅህ ከእኛ ቀድሞ መቆሙን ያስተዋልኩት አሁን፣ ደጋግሜ ሳስበው ነው።

ትንሽ ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ሜዳ የወሰድከኝ ቀን አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ሰው "አንተ ዕውር!" ብሎ ሲሰድብህ አልቅሼ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ትከሻህ ላይ አስቀመጥከኝና "ልጄ፣ ዳኛን ዕውር የሚሉት ስለሚያይ ነው፤ ባያይማ ማን ይሰድበዋል?" አልከኝ። ያ አጥሩ ላይ የነበረው ሰው አባቴ እንደሆንክ አያውቅም ነበር፣ ላብህንም አልበላም። እኔ ግን አውቃለሁ፣ በልቻለሁም።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ ታሪኩን ክሊኒክ ወሰድኩት። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ድምፅህን አስመስዬ፣ "ሣሩ እንኳ አንድ በአንድ" እያልኩ አወራሁት። ነርሷ ሳቀች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳቀች። የጥርስ ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ቆማ አዳመጠችኝ።

"አባትሽ ዓይናቸውን የታዩት መቼ ነው?" አለችኝ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሰው ፊት ያወራሁትን መልሼ መዋጥ አልቻልኩም።

አሁን የምነግርህ ደግሞ ከቀልዱም ይብሳል፤ ቀልዱ ሳላውቅ ነው፣ ይሄ ግን አውቄ ነው። እቤት ስገባ ጨዋታ እያዳመጥክ ነበር። አጠገብህ ተቀምጬ እጅህን ይዤ "አባዬ፣ አይታይህም እንዴ?" ማለት ነበረብኝ። ያንን ትቼ ሪሞቱን አነሣሁና ድምፁን አጠፋሁት። ከዚያ "ጨዋታው እንዴት ነው?" አልኩህ። እንደ ፈታኝ። አንተ ወደ ቴሌቪዥኑ እንደዞርክ ቆየህ። ፊትህ ላይ የስክሪኑ አረንጓዴ ብርሃን ይመላለስ ነበር፣ ተጫዋቾቹም ይሮጡ ነበር።

"ድምፁን መልሽልኝ" አልከኝ።

መለስኩልህ። ከዚያ ነው ቀስ ብለህ "ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር" ያልከው። አልተቆጣህም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ወንድሜ መጥቶ ወደ እሱ ቤት ሲወስድህ ሻንጣህን እኔ እንድይዝልህ አልፈቀድክም። ደረጃውን በእጅህ እየዳሰስክ ወረድክ፣ እኔም ከላይ ቆሜ አየሁህ።

ከሄድክ በኋላ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው፣ ምስሉ ግሩም ነው። ሣሩ አንድ በአንድ ይለያል። ግን ያኔ ነው አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ የገባው። የአዲሱ ድርጅት አስተላላፊ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ አይናገርም፤ ምስሉ ይናገራል ብሎ ዝም ይላል። የድሮው ሰውዬህ ግን ትንፋሽ አይወስድም፤ ኳሷ ማን እግር ሥር እንዳለች፣ በቀኝ ይሁን በግራ፣ መስመሩ ጋ ማን እንደቆመ፣ ሁሉን ይናገራል። አንተ ለካ በእሱ አፍ ታይ ነበር። የቀረችህን ዓይን እኔ ነኝ በኤችዲ የቀየርኩብህ። ከዚያ ወዲህ ጎል ሲገባ የምታውቀው በጩኸቱ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ የማን ጎል እንደሆነም ሳታውቅ አብረኸኝ ታጨበጭብ ነበር። ይሄን ሳስብ እዚያው ወንበርህ ላይ አለቀስኩ።

አዲሱን ዲሽ አስወርጄዋለሁ። ያው ሠራተኛ ነው የመጣው። ኬብሉን እየነቀለ "አባባስ እንዴት ናቸው?" አለኝ። እሱ ያን ቀን ገብቶት ነበር፣ በእኔ ሳቅ ግን ለአንተ አፍሮ ዝም አለ። "ወንድሜ ጋ ናቸው" አልኩት። የድሮው ዲሽ ቦታው ተመልሷል። ጎረቤታችን "ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?" ስትለኝ "አይ፣ እኔ ነኝ የተበላሸሁት" አልኳት፤ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ባለፈው እሑድ በድሮው ዲሽ አንድ ሙሉ ጨዋታ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። በመካከል ሁለት ጊዜ ሰርቄ ገልጫለሁ፤ ጨለማው አስፈራኝ። አንተ ስንት ወር እዚያ ውስጥ ለብቻህ ስትቀመጥ እኔ ከጎንህ ሆኜ ፊልም እመርጥ ነበር።

አሁን ወደምለምንህ ልምጣ። የጥርስ ሐኪሟ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዛልሃለች፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ሳይቆይ መታየት ግን አለበት ብላለች። ወንድሜ ሲነግርህ "ያረጀ ዳኛ ያየው ይበቃዋል" እንዳልከው ሰምቻለሁ። በእኔ ተቀይመህ ከሆነ እኔን ቅጣኝ፣ ዓይንህን አትቅጣው። ለእኔ ብለህ ሂድ ለማለት ፊት የለኝም። መስመሩን ራስህ እንድታየው ብለህ ሂድ።

ባንዲራ ያለ ቦታው ባነሣህ ቀን ምን ታደርግ እንደነበር አልረሳሁም። ሌሎቹ ዳኞች በኋላ በር ሲሾልኩ አንተ ወደተበደለው ቡድን ልብስ መቀየሪያ ትሄዳለህ፣ የተጠቀለለ ባንዲራህን ይዘህ በሩ ላይ ትቆማለህ፣ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" ትላለህ። አንዳንዱ ይጨብጥሃል፣ አንዳንዱ ጫማ ይወረውርብሃል። "በሩ ላይ መቆም የእኔ ነው፣ ቀሪው የእነሱ ነው" ትለን ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። የወንድሜ ቤት በር ላይ እቆማለሁ፣ ቀልድም አላወራም። ግቢ ካልከኝ እገባለሁ። ካላልከኝ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ስትወጣ እዚያው ታገኘኛለህ። ክንዴን ከፈለግህ ያዘው፣ ካልፈለግህም እየቀደምኩ ደረጃውን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።

ባንዲራዋን ያለ ቦታው ያነሣችው ልጅህ