የማኅበር ቤቴን ስለ ማውረስ የተናገርሁት ቃል

በአዛኙና በሩኅሩኁ አላህ ስም።

ዛሬ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. እኔ ወይዘሮ መዲና መሕሙድ፣ ኮምቦልቻ በማኅበር በተሠራው ቤቴ ትራሴን ተደግፌ ይህን ቃል እናገራለሁ። ሰውነቴ ቢደክምም አእምሮዬ ንጹሕ ነው፤ ማን እንደ ወደደኝ፣ ማን እንዳስከፋኝ አልረሳሁም። ያስገደደኝ የለም። የምናገረውን አቶ ማረው አራጋው ይጽፋሉ፤ ልጆቼ ሀፊዝና ረውዳ ከፊቴ ተቀምጠዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ስሞት ጀናዛዬ ሳይውል ሳያድር ከባለቤቴ ከሀምዱ ጎን ይቀበር። ድንኳን አስፍታችሁ ጎረቤት እንዳታስቸግሩ።

ስለ ቤቱ። ልጆቼ ይህ ቤት እንዴት እንደ ተገኘ በከፊል ያውቃሉ፤ የምናዘዘው ከዚያ የተነሣ ነውና ሙሉውን እናገራለሁ። እኔና ሀምዱ ደሴ ላይ ከአንዱ የኪራይ ግቢ ወደ ሌላው ስንዞር ጎልማሳነታችን አለቀ። አንዷ አከራያችን ግድግዳዬ ይበሳል ብላ ሚስማር እንኳ አታስመታንም ነበር፤ አላህ ይቅር ይበላት። ሀምዱ አናጢ ነበር፤ ለሰው ሁሉ በር ሲገጥም የኖረ። ቤት የሌላቸው ሰዎች ኮምቦልቻ ላይ ማኅበር ሲያቋቁሙ አብረን ተመዘገብን። ሥርዓቱ፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ይቆጥባል፣ ሁሉም በጉልበቱ ይሠራል፣ የሠፈሩ ሰው ያግዛል፣ የየቤቱ ቦታ አስቀድሞ በዕጣ ይታደላል የሚል ነበር። መሠረቱ ገና ሳይቆፈር ሀምዱ የዋንዛ በር ሠርቶ ጨረሰ። "ቤቱ የት አለና?" ብለው ሲስቁበት፣ "በሩ ካለ ቤቱ ይመጣል" ይል ነበር።

ቤቱን ግን ሳያይ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ሞተ። አላህ ይርሐመው። ከሐዘን ሳልወጣ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አንድ አባል ተነሥቶ፣ "መዲና ብቻዋን የሁለት ሰው ጉልበት ከየት ታመጣለች? ድርሻው ለሌላ ይተላለፍ" አለ። ኋላ ይቅርታ ጠይቆኛልና ስሙን አላነሣም። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ በቀር የማላውቃት አስናቀች ፈንታሁን ቆመች።

"እኛ እዚህ የገባነው ከቤት የሚያስወጣን ስለ በዛ ነው። እኛም አስወጪ ከሆንን የእኔንም ስም ሰርዙ!" አለች።

ጉባኤው ተስማማ። ከዚያም የሀምዱን ጉልበት ተካፈሉት፤ እርሷና ባልንጀሮቿ ከጸሎት ቤት መልስ፣ የእኛዎቹም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብሎኬት ሲደረድሩ፣ እኔ አሸዋና ውኃ አቀርብ ነበር። ለበሩ የተተወው ክፍተት ጠቦ ሲገኝ ግንበኛው በሩ ይቆረጥ አለ። እነርሱ ግን "የሟች እጅ አይቆረጥም" ብለው የደረቀውን ግንብ አፈረሱ። ያን ቀን አለቀስሁ፤ ሐዘን ግን አልነበረም።

ስለዚህ ቤቱን ልጆቼ በሸሪዓው ድርሻ፣ ለወንድ ሁለት ለሴት አንድ ይውረሱ፤ አላህ የከለለውን ድንበር አልገፋም። ሐርቡ የሚነግደው ልጄ ሀፊዝ ግን የጭነት መኪና ተመኝቶ፣ "እማ፣ ይህ ቤት እኮ ጥሩ ዋጋ ያወጣል" ብሎኛል። ወላሂ አልተቀየምሁትም። ነገር ግን በደንባችን የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ ለማኅበሩ በተሠራበት ዋጋ ይሸጣል፤ ለባለ ሀብት መስጠት ተራ በሚጠብቀው ሰው ላይ መዝጋት ነው። ረውዳም ከባሏ ቤት ወጥታ እኔን ስታስታምም የኖረች ናት፤ ቤቱ ከተሸጠ ማረፊያ የላትም። ሀፊዝ ልጄ፣ እንዳትሸጠው አደራ እልሃለሁ እንጂ አላስገድድህም። የአባትህ መጋዝና መላጊያ ግን ያንተ ብቻ ነው።

ሸሪዓ ለባዕድ እንድናዘዝ ከፈቀደልኝ ሲሶ ላይ፣ የጓሮዋን ክፍል ሚስጥር ለምትባል እናት ሰጥቻለሁ። እርሷ ልጇን ታቅፋ በኪራይ የምትንከራተት የማኅበራችን አባል ናት። ቤቷ እስኪደርስ ያለ ኪራይ ትኑርባት፤ ስትወጣም ማኅበሩ ቀጣዩን ተጠባባቂ ያስገባ። የፈለጉትን ሚስማር ይምቱ።

ለአስናቀች ከኩታበር ያመጣሁትን የሱፍ ባና ሰጥቻለሁ። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው ብላ ትከራከረኛለች፤ ቢሆንም ትውሰደው። በግቢዎቻችን መካከል ያለችው መተላለፊያም አትታጠር።

የማንም ሐቅ የለብኝም። ከሀምዱ መለየቴ ቢያመኝም ጠግቤ ኖሬአለሁ፤ ውጪ የሚለኝ ሳይኖር አርጅቻለሁ።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሲነበብ ሀፊዝ ልናገር ብሎ ጠየቀ፤ እንዲጻፍ ፈቀድሁ። "እማ፣ አብሽሪ፤ አልሸጥም። ረውዳ በሕይወት እስካለች ትኑርበት። አንዲት ክፍል ግን ትተውልኝ፤ ለዒድ ከልጆቼ ጋር ስመጣ እንግዳ አልባል" አለ። ረውዳም፣ "የመንገዱ በኩል ያለው ክፍል ያንተ ነው። ጫማህን ግን ውጭ ታወልቃለህ!" አለችው። ምስክሮቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ይህም ከኑዛዜዬ ይቆጠር።

ሁሉም በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ዳግመኛ ተነቦ፣ ቃሌ መሆኑን ሰምቼ አውራ ጣቴን አኑሬአለሁ። አስናቀች ስጦታ ስላላት አልፈረመችም፤ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛለች።

የተናዛዥ ጣት አሻራ፦ መዲና መሕሙድ

ምስክሮች፦
ማረው አራጋው፣ ጽፌ አንብቤ መስክሬአለሁ (ፊርማ)
ሙንዚር ካሊድ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር (ፊርማ)
ዊዳድ ኢብራሂም፣ ጎረቤት (ፊርማ)
እስከዳር ተሾመ፣ ጎረቤት (ፊርማ)