እህቴ የትኛዋ እንደሆነች ለጠየቀው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የሙያ ፈተና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ ኮምፒውተርዎንም ያለ እንከን እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ እኔ በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምሠራ ሰው፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለቤተሰባችን ስላደረገው ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በአደባባይ ሳላቀርብ ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ሕንፃችን የሚገባው የኢንተርኔት መስመር አንድ ነው። መስመሩ እኔ ዘንድ ካለች ትንሽ ሳጥን ይገባና ለእኔ ሦስት ኮምፒውተሮች፣ ለልብስ ሰፊው፣ ፎቅ ላይ ላለው የጥርስ ሐኪምም ይከፋፈላል። ሳጥኗ እያንዳንዳችንን ለይታ ታውቀናለች፤ ውጭ ላለው ዓለም ግን ሁላችንም የምንታየው በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ፣ ማለትም በአንድ ቁጥር ነው። ሰኞ የጥርስ ሐኪሙ ረዳት ለነርስነት ፈተና ተመዘገበች። ማክሰኞ ታናሽ እህቴ ለአዋላጅነት ፈተና ልትመዘገብ ብትል፣ ድረ ገጻችሁ «ቀደም ሲል ተመዝግበዋል» ብሎ መለሳት። ምዝገባው የሚያበቃው ነገ አርብ ነው፤ ካመለጣት ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ/ ለአቤቱታችን በማግስቱ መልስ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። መልሱ እንደሚለው፣ ከአንድ አድራሻ የሚመጣ ሁሉ አንድ ሰው ስለሆነ፣ እህቴ ከሁለቱ ሴቶች የትኛዋ እንደሆነች ቁርጡን አውቃ እስከ አርብ ታሳውቅ። ረዳቷ የአራት ልጆች እናት ናት፤ እህቴ ገና አላገባችም። እናታችን ደብዳቤው ሲነበብላት በአንድ ጀንበር የአራት ልጆች አያት መሆኗን ሰምታ፣ የልጆቹን ስም ጠየቀችን።

፪ኛ/ ስንደውል «አድራሻ ለውጡ» ብለው ለመከሩን ሠራተኛዎም ምስጋናችን ይድረሳቸው። የቢሮ ቃል መሬት ጠብ እንዲል የማትፈቅደው እናታችን፣ ትናንት ማታውኑ የእህቴን ፍራሽ ጠቅልላ ወደ አክስታችን ቤት ላከቻት። አክስታችን እሰየው ብላ ተቀበለቻት። ይሁንና አክስታችን ኮምፒውተር ስለሌላት፣ ድረ ገጻችሁም ስልክ ንቆ በኮምፒውተር ካልሆነ ስለማይከፈት፣ እህቴ ዛሬ ጠዋት በታክሲ ተመልሳ እኔው ዘንድ ተቀመጠች። ድረ ገጹም አልረሳትም፤ «ቀደም ሲል ተመዝግበዋል» አላት። ፍራሹ እስካሁን አክስቴ ቤት ነው።

፫ኛ/ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር። የእናንተ ድረ ገጽ ከማንም ሳያብር፣ ብቻውን አንዲት አዋላጅ አሰረ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ ከፍቶኛል። ይህች ልጅ ሦስት ዓመት ከእኔ ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጣ፣ የፎቶ ኮፒው ማሽን ጆሮዋ ሥር እየጮኸ፣ ደንበኛ በላይዋ እየተንጠራራ ነው ያጠናችው። አንድ ቀን አማርራ አልሰማኋትም፤ ዛሬ ግን ማስታወሻዎቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። የምለምንዎ ቀላል ነው። ሰውን በስሙና በመታወቂያው ለዩት፤ ነገ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊትም መዝግቧት።

ልብስ ሰፊው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ረዳቷ፣ እህቴና እኔ፣ በእናንተ አቆጣጠር ግን አንድ ሰው የሆንነው፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እየነሳን፣ ደንቡን ላለመጣስ በአንድ ፊርማ ብቻ ፈርመናል።

ማሳሰቢያ፦ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡልንን ኢሜይሎች ገልጬ ብመረምር፣ የእርስዎም፣ የመዝገብ ቤቱም፣ የአቤቱታ ክፍሉም የወጡት ከአንድ ቁጥር ነው። በደንባችሁ መሠረት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ በአካል መጥቼ ሦስቱንም ፎቅ ብዞር ያገኘሁት በሩ ላይ ያሉትን ጥበቃ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ጉዳዩን ለእሳቸው አስረዳኋቸው፤ በአንድ በር ሁለት ሰው ሊገባ እንደሚችል ወዲያው ገባቸው።