የማጠቢያዬ ውሃ የት ገባ?

ጥር 9
ሥራ ቀዝቃዛ ነበር። ከሰዓት አንዲት አስተማሪ መጣች፤ ፀጉሯን አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባኋት። ሙቀቱ ሲነካት እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እንዳልቀሰቅሳት በእግሬ ጣቶች ጫፍ እየሄድኩ ማጠቢያዬን ላጸዳ ብል... ውሃው አልወርድ ብሎ ቆሟል። ቆይቶ ቆይቶ፣ እየተጎተተ ወረደ። በሽቦ ነካካሁት፣ ምንም የለም። ነገ ይተወዋል መቼስ።

ጥር 11
አልተወውም። ብሶበታል። የእኔ ማጠቢያና የቤቱ ገላ መታጠቢያ መስመራቸው አንድ ነው፤ እኔ እዚህ ውሃ ስለቅ እዚያ ይወጣል። ዛሬ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ሻወር ልትገባ ብትል ጥቁር ውሃ ቁርጭምጭሚቷን ዋጠው። "የማን ፀጉር እንደሆነ በማላውቀው ውሃ ውስጥ ቆሜ ልታጠብ?" አለች። እውነቷን ነው።

ታላቄ ከሥራ ሲገባ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ክፍል። "ፀጉርሽ ነው።" የእኔ እንኳ አይደለም፣ የደንበኛ ነው ልለው ፈልጌ ዋጥኩት። ማጥለያ አለኝ እኮ። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ አንስቼ አራግፈዋለሁ።

አባባ ደጅ ማንጎዋ ሥር ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። "ድሮስ የሰው ጭንቅላት ማጠብ ሥራ ነው?" አለና ወደ ሬዲዮኑ ዞረ። ይህችን ክፍል ፀጉር ቤት ካደረግኳት ጀምሮ ያላት አንድ ቃል እሷው ናት። ደጃፌን ረግጦ አያውቅም። ደህና ዋልሽ የሚለኝ እንኳ በመስኮት ነው። ክፍሏ ደግሞ የእሱ፣ ግቢው የእሱ። ውጪ ካለኝ የት አባቴ እገባለሁ?

ጥር 12
መብራት እንጨት ላይ በተለጠፈ ቁጥር ደውዬ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። "ፈጣንና አስተማማኝ" ይላል ወረቀቱ። ፈጣንነቱ እውነት ነው። በሩን ሳያልፍ "ፀጉር ነው" አለ። አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ነገር ደፋበት፣ ቱቦው ተንገሸገሸ፣ ጭስ ተፋ፣ ውሃው ሹልክ ብሎ ወረደ። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

"ፀጉር ቤትና ቧንቧ አይዋደዱም እህቴ፣ ሌላ ቦታ ብትፈልጊ ይሻልሻል" ብሎኝ ሄደ። ይህን የሚለው ደግሞ አባባ ፊት ቆሞ።

ጥር 14
ተመልሶ ሞላ። አንዷን ደንበኛ ሳሙና በራሷ ላይ እንዳለ ደጅ አውጥቼ በባልዲ አለቀለቅኳት። ስቃ አለፈችው። ተመልሳ ግን ትመጣለች?

ምሳ ላይ ታላቄ ተናገረ። "የሚቀጥለው ሠራተኛም ፀጉር ነው ካለ ወንበርሽንና ካስክሽን ትሸክፊያለሽ። ቤቱ ሰው ይኖርበታል።" አባባን አየሁት። አንድ ነገር ይልልኝ እንደሆን... ዝም። ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። በእሱ ቤት ደግሞ ዝምታ እሺ ማለት ነው።

ጥር 15
ጋሽ ቱቦ የሚሉት የቧንቧ ሠራተኛ አለ አለችኝ ያቺ አስተማሪ። ነገ ይመጣል። ፀጉር ነው እንዳይል ብቻ...

ጥር 16
ጋሽ ቱቦ ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ከእሱ ይገዝፋል። "ማንም ውሃ እንዳይነካ" ብሎ ግቢውን ጸጥ አሰኘው። ታላቄ ሳሙና በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ቱቦ ጆሮውን ቱቦው አፍ ላይ ደቅኖ ቆየና "አይጥ ነው፤ ሞቶ ነው፤ እምላለሁ" አለ። አይጥ! ደስታዬን እንደምንም ደበቅኩት።

ረጅሙን ሽቦ ሰደደ። ሽቦው ሄዶ ሄዶ የሆነ ለስላሳ ነገር ላይ ተኛ። "አይጥም አይደለም" አለ፣ ስለ መሐላው ምንም ሳይል።

ከዚያ ዞሮ መደርደሪያዬን አየ። "እስቲ ቀዩን የፀጉር ቀለም አምጪ።" በባልዲ በጥብጠን ማጠቢያው ውስጥ ደፋነው። እሱ አጥሩ ጥግ ያለውን የፍሳሽ ጉድጓድ ከፍቶ ቀይ ውሃ ሲወጣ ሊያይ ቆመ። ማጠቢያው ቀስ እያለ ጎደለ፣ ባዶ ሆነ። ጉድጓዱ ጋ ግን ጠብ ያለ የለም። ደገምነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ቱቦው አፍ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው ውሃ ያላለፈበት?

"የገባው አልወጣም" አለ ጋሽ ቱቦ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ሁላችንም አቀርቅረን መሬቱን አየን። ያ ሁሉ ውሃ... ስንት ዓመት ሙሉ የታጠብንበት ውሃ የት ነው ያለው? በየቀኑ የምረግጠው መሬት ነው፤ ዛሬ ግን ቀስ ብዬ ነው የሄድኩበት።

አባባ ሬዲዮኑን አጥፍቶ ነበር። ለምን ይሆን?

ጥር 17
እጄ አሁንም ሥር ሥር ይሸታል። እንዴት ብዬ ልጻፈው?

መስመሩን እየተከተሉ ቆፈሩ፣ ጋሽ ቱቦና ታላቄ። ማንጎዋ አጠገብ ሲደርሱ አሮጌውን የሸክላ ቱቦ አገኙት። ሰበሩት። ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ነገር አለ። ሁለቱ ይዘው ሳቡት። መጣ። አሁንም መጣ... አያልቅም። ከማንጎዋ እስከ ክፍሌ ደጃፍ ተዘረጋ። ድብልብል፣ እርጥብ፣ እንደ ሹሩባ የተገመደ።

"ይኸውላችሁ ፀጉር" አለ ታላቄ። ተንበርክኬ ያዝኩት። ይሄ እጅ ከፀጉር ሌላ ምን ዳብሶ ያውቃል? "ፀጉር አይደለም" አልኩ። በጥፍሬ ብሰነጥቀው ውስጡ ነጭ እንጨት ነው። ሥር ነው። የማንጎዋ ሥር! ጫፍ ጫፉ በትናንቱ ቀለሜ ቀልቷል። ብዙ ራስ ቀልሜያለሁ፤ እንዲህ አምሮ የያዘልኝ የለም።

ጋሽ ቱቦ ቆቡን አወለቀ። "እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም" አለ። ቀና ብዬ ዛፏን አየሁ። በዚህ በጋ የሠፈሩ ዛፍ ሁሉ አቧራ ለብሶ ጠውልጓል፣ የእኛዋ ትስቃለች። የአባትሽ እጅ ለምለም ነው ሲሉኝ ኖረዋል። ለካ ስትጠጣ የኖረችው እኛን ነው። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ይዤው እመጣ የነበረውን ጭቃ፣ ነፍሷን ይማርና የእማማን ሳሙና፣ የሙሽሮቼን ሁሉ አረፋ። ያን ጠጥታ ያን የመሰለ ጣፋጭ ፍሬ... መልሰን በላነው።

የታላቄ ሚስት አፏን ያዘች። "ለጎረቤቱ ሁሉ እኮ አድለናል።" ከዚያ ሳቅ አፈናት። እኔም ሳቅኩ።

ጋሽ ቱቦ ግን ሲሄድ "ዛፏ ካልተቆረጠች ተመልሳ ትገባለች" አለ።

ጥር 18
ነጻ ወጣሁ። ታላቄ ይቅርታ አላለኝም፤ ደጃፌ ላይ የቀረውን ጭቃ ግን ራሱ ጠረገው። "እንግዲህ ዛፏ ትቆረጣለች" አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ።

አባባ ከወንበሩ ሳይነሳ "እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑ አባባ?"

"ቱቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። እዚያች መገጣጠሚያ ላይ ሲሚንቶ አላደረግኩም። አውቄ ነው። ያኔ ውሃ በወረፋ ነበር፤ ለናንተ ያልበቃውን ለችግኝ ላጠጣ ብል እናታችሁ ቤት ታስገባኝ ነበር? ከታጠባችሁበት ትቅመስ ብዬ ትንሽ ክፍተት ተውኩላት።" በጣቱ አሳየን። የጥፍር ያህል።

"ታዲያ ፀጉርሽ ነው ስባል ለምን ዝም አልክ?"

"ትቆርጡብኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።"

አባባ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ተናድጃለሁ፣ መቼም አልዋሽም። ሥራ አልባ ልሆን ነበር እኮ። ግን ያቺን የጥፍር ያህል ክፍተት ሳስባት... ከዚያ ገብታ ነው ይህን ያህል የሆነችው?

"ቁረጧት" አለ አባባ፣ ፊቱን አዙሮ። "ልጄ ሥራዋን ትሥራ።"

ሥራዋን አለ። ሥራ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው።

"አትቆረጥም" አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ጥር 21
የእኔ ማጠቢያ ብቻ ለማንጎዋ ይፍሰስ ብለው ጋሽ ቱቦ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ሐሳቡን ራሱ ያመጣው መሰለው። የገላ መታጠቢያው በአዲስ የፕላስቲክ ቱቦ በሌላ በኩል ዞሯል። የእኔ ማጠቢያ ግን ለብቻው ማንጎዋ አጠገብ፣ ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይፈስሳል። "እስከ ዛሬ ሰርቃ ጠጣች፣ ከእንግዲህ ተጋብዛ ትጠጣ" አለ ጋሽ ቱቦ። ጠጠሩን የተሸከመው ታላቄ ነው። ቀለም ያለበትን ውሃ ለይቼ በአዲሱ ቱቦ እንድደፋ ደግሞ አባባ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ።

የካቲት 3
ውሃው ይወርዳል። ቁጭ ብዬ ሲወርድ አየዋለሁ... ሰው ቢያየኝ ምን ይላል?

መጋቢት 12
ሙቀቱ አይጣል። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው አልመጣም። አባባ በመስኮት ብቅ አለ።

"ዛሬ ደንበኛ የለም እንዴ?"

"የለም አባባ።"

"ትናንትስ?"

"ትናንትም እንዲሁ ነበር።"

ዞሮ የማንጎዋን ቅጠል ዳበሰ። "ጠምቷታል" አለ።

"በጎማ ላጠጣት?"

"የለመደችው የሳሙናውን ነው።"

ከዚያ የዱላውን ድምፅ ሰማሁ። ቤቱን ዞሮ በበር በኩል መጣ። ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ፣ ገባ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ወንበሬ ላይ ተደላድሎ አንገቱን ወደ ማጠቢያው አጋደለ። ፀጉር የሚባል የቀረው በጆሮው ዙሪያ ያለው ብቻ ነው።

"በይ እጠቢ። ውሃም አትቆጥቢ።"

ፎጣ አለበስኩት። የውሃውን ሙቀት በእጄ ለካሁ። የአባቴን ራስ ነክቼ አላውቅም ነበር... እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ? ዓይኑን ጨፈነ። ውሃው ዞር ዞር ብሎ ወረደ።

"ደረሰላት?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"እየሄደ ነው አባባ።"

ደግሜ አጠብኩት።