ሦስት ወር ሙሉ መሞት

ቅዳሜ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት

የጎረቤቴን የኤዶ ፋዱማን ድሪያ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነው። ከጓዳ ዱብ! መቀሱን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ሐያት መሬት ላይ ተዘርራለች፣ ምላሷ ወጥቷል። ልቤ ቀጥ አለ። አንድ ዓይኗን ከፍታ "አሳመንኩሽ?" አለችኝ። የቤት ሥራ ነው። በእባብ መሞት።

ደብተሬ፣ አንተ የልብስ ልክ መጻፊያ ነህ። ከፊትህ የሰው ደረትና ወገብ፣ ከኋላህ የኔ ጉድ። ታገሰኝ። ልጄ እዚሁ ሰፈራችን 31 ሜይ የተከፈተው የቲያትርና ሙዚቃ ት/ቤት ከገባች ሦስት ወሯ። የገባችው ዘፈን ልትማር ነው። ድምፅ አላት፤ እናቷ ስለሆንኩ አይደለም። እስከ ዛሬ የተማረችው ግን መሞት ብቻ። በውኃ ጥም፣ በፍቅር፣ አሁን ደግሞ በእባብ። የሙዚቃ መምህሩ ጅቡቲ ሠርግ ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። ክራር መሳዩ ኡድ አንድ ነው፤ ከክሮቹ ሦስት ቀርተውታል። ያለው መ/ር ወርሰሜ ብቻ፣ የድራማው።

ባሌ ጀማል ትናንት በርበራ ወደብ ጭነት ሊያነሳ ሲሄድ ቁርጡን ነገረኝ። ሲመለስ ከመውደቅ ሌላ ነገር ካላሳየችው ያስወጣታል፣ ኮምፒውተር ትማር። ሐያት ሰምታ አለቀሰች። ያኛው ድራማ አልነበረም።

ሰኞ፣ ከመግሪብ በኋላ

የወላጆች ስብሰባ። አዳራሹ ግማሹ አዲስ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ገና ሰማይ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ። ሶማሊኛው ፈጠን ሲል ያመልጠኛል። መ/ር ወርሰሜ ስለ ትምህርቱ ጥራት ሲያስረዳ፣ እየሰማሁት መሆኔን ላሳየው ብዬ፣ እንደ እናቴ አየር ወደ ውስጥ ስቤ "እ" አልኩ። አዎ ማለቴ ነው። አገሬ ድሬዳዋ ቢሆን ማንም ዞሮ አያየኝም።

መ/ር ንግግሩን አቆመ። አንዲት ሴት ውኃ ይዛልኝ መጣች። ኤዶ ፋዱማ ብድግ ብላ፣ አያችሁ፣ ሐበሻዋ ደነገጠች፣ አገሯ ትልልቅ ቲያትር ቤት አለ፣ የምታውቀው ቢኖር ነው አለች። እኔ ቲያትር ቤት ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው!

ከዚያ ማን ያስቁመው። አንዱ አባት ልጁ ዕቃ እጠብ በተባለ ቁጥር ይሞትበታል። ሌላዋ ልጇን በእውነት አሟት ሳታምናት ቀርታለች። ኤዶ ፋዱማ ደግሞ፦ "መሞትማ እኛም እናውቅበታለን፤ ያለ መምህር ነው የተማርነው። መኖርን አስተምሩልን።" ሳቁ ቆመ።

የወላጆች ተወካይ እኔ እንድሆን ተጠቆምኩ። የሚቃወም አለ ወይ ሲባል፣ አዎ፣ እኔ ራሴ፣ ለማለት "እ" አልኩ። ክብሩ አስደንግጧት ነው ብለው አጨበጨቡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ማክሰኞ

ተማሪዎቹም አቤቱታ አላቸው። ሐያት ጽፋ ሰጠችኝ። 1ኛ፦ ጥይት ለወንዶች ብቻ ይሰጣል፣ ለሴቶች ሁልጊዜ ጥም፣ እባብና ፍቅር። 2ኛ፦ ሲሚንቶው ያማል። 3ኛውን ሰርዛዋለች፣ ግን ይነበባል፦ መቼ ነው የምንዘፍነው? አንጀቴን በላችኝ።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሄድኩ። በንዴት ነው የሄድኩት። መ/ር ወርሰሜ ሲያየኝ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ይፈራኛል። አቤቱታውን አነበብኩለት። እውነቱን አወጣው። በወጣትነቱ በየቲያትሩ መጀመሪያ ላይ የሚሞተው እሱ ነበር። ሌላ ቦታ ሰጥተውት አያውቁም። ስለዚህ ሌላ አያውቅም። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

ልወጣ ስል እንዲያው፣ ከሞቱ በኋላ ወደ ቤት ይሄዱ ነበር ወይ አልኩት። የለም። እዚያው መድረኩ ላይ እንደተጋደመ ይቆያል፣ ሌሎቹ እስከ መጨረሻው በላዩ ላይ ይዘፍናሉ። የትኞቹን ዘፈኖች? ሁሉንም።

እስቲ ይዝፈኑልኝ አልኩ። ቆሞ ሞከረ፤ አንድ ቃል የለም። ተቀምጦ ሞከረ፤ የለም። አፈረ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተጋደመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ለቀቀው! አንድ ስንኝ ሳይስት፣ የሴቶቹን ድምፅ ሳይቀር። "እ!" አልኩ። ደንግጦ ተነሳ። አይ አይ፣ አዎ ማለት ነው፣ ይተኙ፣ በአላህ ይተኙ!

ማክሰኞ (በሳምንቱ)

ትምህርቱ ተጀምሯል። መምህሩ መሃል ይጋደማል፣ ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይከተሉታል። ትናንት አንድ መንገደኛ ለቅሶ መስሎት ገብቶ ዱዓ አደረገ። መ/ር እንደተኛ "አሚን" አለ፤ ሰውየው እስካሁን ሳይሮጥ አይቀርም። ከቅዳጅ ጨርቅ ፍራሽ እየሰፋሁለት ነው። ሁለተኛው አቤቱታ ተፈታ።

ጀማል ሐሙስ ይገባል።

ሐሙስ፣ ከዐሱር በኋላ

ወላጅ ሁሉ ተጠርቷል። ጀማል አቧራውን ሳያራግፍ መጥቶ ከኋላ ቆመ፣ እጁን አጣምሮ። መ/ር በጥይት ሞተ፣ በጣም ጥሩ አድርጎ። ሐያት በላዩ ልትዘፍን ወጣች። አፏን ከፈተች። ምንም። አባቷን አየችው። ፊቷ ላይ ደም ጠፋ። ልነሳ? ልጥራት? ሳላስበው "እ" አልኩ፣ ወደ ውስጥ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። ሁሉም ዞረ፣ ባለውኃዋም ተነሳች። አዎ ማለት እንደሆነ የምናውቅ እዚያ ውስጥ ከሟቹ ጋር አራት ሰዎች ነን።

ሐያት ዘፈነች። እንዴት እንደዘፈነች አልጽፍልህም፣ ስጽፈው ያንስብኛል። አለቀስኩ። ኤዶ ፋዱማም በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ፤ ጉንፋን ነው ትላለች።

ስንወጣ ጀማልን ጠየቅኩት። ትቀጥል? አየር ወደ ውስጥ ሳበ። "እ።" ሴትየዋ ብርጭቆዋን ይዛ ሮጣ ደረሰችለት። ጠጣው።

ውሳኔ፦ ትማራለች።

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ፍራሹን እየጨረስኩ ነው። ጓዳ ዱብ! መቀሴን አነሳሁ። ሐያት ግን እዚሁ አጠገቤ ናት፣ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች። ተያየን። ቤት ውስጥ የቀረው ጀማል ብቻ ነው።

"አሳመንኳችሁ?" ይላል ከጓዳ።