ያልተበሳው ዶቃ

ልጄ፣ ጤናሽን አያጉድልብሽ፤ የጎደለሽን ርኅራኄ ደግሞ ፈጣሪ ይሙላልሽ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ቢሆንም ለመቆጣት አያንሰኝም።

ጣራው ማፍሰሱን ትቷል። እኔ ዛሬም ለሱቁ ዶቃ እሰካለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ስትለኝ ያስረዳሽኝን ነገርኳት። ቫይረስ የሚራባው ራሱን እንደ ዶቃ እየሰካ ነው፤ ልጄ የእሱን የሚመስል፣ በአንድ በኩል ግን ያልተበሳ ዶቃ በቤተ ሙከራ ትሠራለች፤ ቫይረሱ ተታሎ ሲሰካው ሌላ አይከተልለትም አልኳት።

«ታዲያ ወንድሟን ምነው ተወችው?» አለችኝ።

ወንድምሽ የጉበቱን ቫይረስ ክኒን ትቷል። ክኒኑም ያው ያልተበሳ ዶቃ ነው ብለሽኝ ነበር። «ድኛለሁ እኮ እማዬ» ይላል። ሐኪሙ «ካቋረጥክ ቫይረሱ ብሶ ይነሣብሃል» ቢለውም አልሰማ አለ። የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው፤ አንቺ ደግሞ «ሥራሽ ዱቄት መበጥበጥ ነው» ብሎ ስለቀለደብሽ አኩርፈሽ ስልኩን አታነሺም። በቀልድ ወንድም ይቀበራል?

ያልተበሳ ዶቃ ለቫይረሱ ሥሪለት እንጂ አንቺው አትሁኚብን። እባክሽ ደውዪለት። ምርቃቴን እስክትደውዪ ይዤልሽ እቆያለሁ።

እናትሽ