በግማሽ የቆመው ክር

ጃንዋሪ 19። የሐይቁ በረዶ አንድ ክንድ ወፍሯል።

ልጄ ሶልቬግ፣ እግዚአብሔር ውሎሽን ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ዎልአይ ከሚባለው ዓሣ አንድም ስላልያዘ በረዶው ላይ ያለችውን የማጥመጃ ጎጆ ሊሸጣት ተነሳ። እሷ ከተሸጠች እስከ ኤፕሪል ከሶፋው አይነሳም። ስለዚህ ትናንት አብሬው ወጣሁ። እሱ እንደ ልማዱ የማጥመጃ ክሩን በበረዶው ቀዳዳ እስከ ሐይቁ ወለል ለቀቀ፤ እኔ መሃል ላይ ምን እንደሚኖር ለማወቅ የእኔን በግማሽ አቆምኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዎልአይ ታች ነው ያለው።»

«እንግዲያው ከላይ ያለውን ልየዋ።»

ክራፒ የሚባለውን ዓሣ አምስት አወጣሁ። ስድስተኛውን ስስብ አባትሽ የራሱን ክር ቀስ ብሎ ወደ ላይ እስከ ግማሽ ጠቀለለ።

ዛሬ እሱ ጎጆዋን ስለ መሸጥ አላነሳም። አንቺ ያለሽበት የበርገን አጥማጆች ክራቸውን የት እንደሚያቆሙ ጠይቂልኝ። ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ። አባትሽ መኪናውን አስነስቶ ጡሩምባ እየነፋ ነው፤ መንጠቆ ላይ የምንሰካቸውን ትናንሽ ዓሣዎች ባልዲ ይዤ ወጣሁ።