በሩ ላይ ስለተሰቀለው ሰሌዳ

ለተከበሩ የጭስ ማከማቻ ባለሥልጣን ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቢሮዎ ፎቅ ላይ ስለሆነ ጥሩ አየር እንደሚያገኙ አምናለሁ፤ እንዲሁ ያቆይዎት። እኔ ብዙም አልተማርኩምና የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ቧንቧ በመበየድ ሲያገለግልዎ የነበረው ልጅ እናት ነኝ።

አንደኛ፣ ሀብታሞቹ አገሮች የፋብሪካቸውን ጭስ አጠራቅመው በመርከብ ሲልኩልን፣ እኛም ከመሬታችን ሥር ስለምንቀብርላቸው፣ አገራችን በትልልቆቹ ስብሰባ ወንበር ማግኘቷን በሬዲዮ ሰምቼ ኮርቻለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «እነሱ አጭሰው እኛ ጓዳ እንሁንላቸው?» ብትል ዝም አሰኝቻታለሁ።

ሁለተኛ፣ ለሠራተኞች ስለሰጣችሁት ትምህርት አመሰግናለሁ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ አደጋ ሲመጣ ወለል ላይ ተኙ ብላችኋል፤ ይኸንኑም በግቢው በር ላይ በሰሌዳ ሰቅላችኋል። ልጄ ቤት መጥቶ እኔንና እህቱን ወለል ላይ እያስተኛ አለማምዶናል፤ «እማዬ፣ ወገብሽ ካልያዘሽ አንደኛ ትወጪያለሽ» እያለ ስቆብኛል። ቧንቧው የፈነዳ ዕለት እንደተማረው ተኛ። ትምህርቱን ከቁም ነገር ያልቆጠሩት ጓደኞቹ ወደ ኮረብታው ሮጠው ተረፉ። የምትቀብሩት ነገር ከአየር እንደሚከብድ፣ እንደ ውሃም ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ እንደሚተኛ ያስረዳኝ የእናንተው መሐንዲስ ነው፤ ከልጄ ቀብር በኋላ።

ሦስተኛ፣ ሰሌዳው ዛሬም አለ። እንዲነሣ ብለምን፣ ጸሐፊዎ «እናቴ፣ እሱኮ የጭሱ ባለቤቶች ያሰቀሉት ነው፤ ከአገራቸው ፈቃድ ካልመጣ አንነካውም» ብላ በትሕትና መልሳልኛለች። ጭሳቸው ሲመጣ የእኛን ፈቃድ ማን እንደጠየቀ አልጠየቅኳትም። ምን አቅም አለኝ?

አራተኛ ልል ነበር፤ ግን ያለኝ ያው አንድ ነገር ነው። ልጄ አይመለስም፣ አውቃለሁ። እህቱ ግን ሌላ ሥራ አጥታ እዚያው ግቢ በጽዳት ተቀጥራለች። በየቀኑ በዚያ በር ትገባለች። እባክዎ ያንን ሰሌዳ ያስነሡልኝ።

ጎንበስ ብዬ እጅ እንዳልነሣ፣ ዝቅ ማለት ፈርቻለሁና፣ ቆሜ ሰላምታ የማቀርብልዎ፣

የበያጁ እናት

ማስታወሻ፦ ሴት ልጄን፣ የአደጋው ደወል ከጮኸ ሰሌዳውን ሳታይ ወደ ኮረብታው ሩጪ ብያታለሁ። እርስዎም ለጉብኝት ብቅ ያሉ ቀን እንደዚያው ያድርጉ፤ እርስዎም እናት ትኖርዎታለች።